በደጃፍ ላይ ስለሚሰቀል ካሜራ፦ የራስን ደጅ ይጠብቅ፣ የጎረቤትን ደጅ ይተው



በዚህ ሰሌዳ ላይ ዘወትር የምንለጥፈው የመዋጮ፣ የጽዳትና የመብራት ጉዳይ ነው። የዛሬው ግን ማስታወቂያ ሳይሆን የግል ሐሳቤ ነውና የኮሚቴው ውሳኔ አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ። ነገሩ በየበራችን ላይ መሰቀል ስለጀመረው ካሜራ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ በአጀንዳ ስለተያዘ፣ እያንዳንዱ አባል ቤቱ ሆኖ አስቦበት እንዲመጣ ብዬ ነው የጻፍኩት። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ስለ ዕቃው የማላውቀውን ልጆቼ ከስልካቸው እያነበቡ አስረድተውኛል፤ ካሜራ የሚገጥሙትንም ሠራተኞች ጠይቄአለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። ካሜራ የሚሰቅል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ከደጃፍ ጫማ ይሰረቃል፣ ከግቢ ሲሊንደር ይወጣል፣ ልብስ ከገመድ ላይ ይነሣል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባል የለ? ብቻቸውን የሚኖሩ እናቶች አሉን፤ ልጆቻቸው ቶሮንቶ፣ ሳዑዲ፣ አሜሪካ ናቸው። ሌሊት በራቸው ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳያዩ መክፈት ይፈራሉ። ልጅ ደግሞ በሰው አገር ሆኖ እናቱ ማደሯን ማወቅ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ችግር ነው። የሚፈራን ሰው «ምን ያስፈራሃል» ብሎ መሳቅ የጎረቤት ወግ አይደለም።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ጉዳዩ ወደ ማኅበራችን የመጣው በአቤቱታ ነው። ስም አልጠራም፤ ሁላችንም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን። አንዲት እናት በራቸው ላይ ካሜራ ተገጠመላቸው። መንገዳችን ጠባብ ስለሆነ ካሜራው የእርሳቸውን ደጃፍ ብቻ ሳይሆን የፊት ለፊቱን ቤት በርም ሙሉ በሙሉ ያሳያል። አንድ ቀን ማምሻውን የፊት ለፊቱ ቤት ልጅ በሯ ላይ ቆማ ከአንድ የክፍል ጓደኛዋ ጋር ስታወራ ተቀረጸች። ደብተር ተቀብላ ነው የገባችው፤ ሌላ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ምስሉን ከቤቱ አንድ ወጣት ለጓደኛው አሳየ፣ ጓደኛው ለሌላ ላከ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዞሮ ዞሮ አባቷ ጆሮ ደረሰ። ልጅቷ ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ቡና የሚጠራሩት ሁለቱ ቤቶች ተኮራረፉ። ሽማግሌ ገብቶ ሰላምታ ጀምረዋል፤ ቡናው ግን እስካሁን አልተመለሰም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካሜራው አንድም ሌባ አልያዘም። የያዘው የጎረቤት ልጅ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው ካሜራው የሚያየው ቦታ ላይ ነው። ጀጎል እንደ ሌላ ከተማ አይደለም። 48 ሄክታር በምትሆን ቦታ ላይ 368 ያህል ጠባብ መንገዶች አሉን። አንዳንዱ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አስጎብኚዎች «የዕርቅ መንገድ» እያሉ እንግዳ የሚያሳዩበት ጠባብ መንገድ እንኳ አለን፤ የተኮራረፉ ሰዎች ከተገናኙ ሳይነካኩ ስለማያልፉ ሳይወዱ ይታረቃሉ ይባላል። አዲስ ሰፈር ግቢው ሰፊ፣ መንገዱም ሰፊ በሆነበት ቦታ በር ላይ የተሰቀለ ካሜራ አስፋልት ነው የሚያየው። እኛ ዘንድ የተሰቀለ ግን ከፊቱ ያለው የሰው በር ነው። ካሜራዎቹ ደግሞ ወደ ጎን ሰፋ አድርገው እንዲያዩ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ሲሰቀል የግራውንም የቀኙንም ቤት ገቢና ወጪ ይቆጥራል።

የአባቶቻችን ቤት አሠራርም ይህን ያውቃል። የጌይ ጋር ቤት ከመንገድ ሲታይ ግድግዳና በር ብቻ ነው። ኑሮው ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው ዞሯል። ይህ የሆነው ሰው በቤቱ ገመናው ተሸፍኖ እንዲኖር ነው። ቤት ውስጥ ሲገባ አሚር ነደባ የቤቱ ራስ መቀመጫ ነው፤ አባወራው እዚያ ተቀምጦ ወደ ቤቱ የሚገባውን ሰው ያያል። የሚያየው ግን ወደ እሱ የሚመጣውን ነው እንጂ ጎረቤቱ ቤት የገባውን አይደለም።

ከተማችንም እንደዚሁ ናት። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ግንቡን ያሠሩት ከውጭ ከሚመጣ ጠላት ለመጠበቅ ነው። አምስቱ በሮች፣ ፈላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በርና ኤረር በር፣ በድሮ ጊዜ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ስለዚህ ጥበቃ ለሐረር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ግንቡ ዘበኛ የነበረው ለሁላችንም ባንድነት ነበር።

የደጃፍ ካሜራ ራሱ ከየት እንደመጣ ልጄ ሲያነብልኝ ገርሞኛል። በኒውዮርክ ከተማ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች። እሷም ባሏም የሥራ ሰዓታቸው የተዛነፈ ስለነበር ማታ ብቻዋን ታድራለች። በሰፈሯ ወንጀል በዝቶ ነበር፣ ፖሊስ ቢጠራም ቶሎ አይደርስም። እሷና ባሏ እ.ኤ.አ. በ1966 በበር ቀዳዳ የሚያይ ካሜራ፣ መኝታ ቤት የሚቀመጥ ቴሌቪዥንና ከሚያንኳኳው ሰው ጋር የሚያነጋግር ድምፅ ማጉያ አቀናጅተው ለመንግሥት አስመዘገቡ። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1969 አገኙ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሐሳብ «በሬን የሚያንኳኳው ማን ነው?» የሚል ነበር። በእኔ አስተያየት የእኛም ካሜራ ከዚህ ጥያቄ ባያልፍ ጥሩ ነው።

አንዳንድ አባላት «ካሜራ ካለ ሌባ አይደርስም» ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ ጥናት በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ የ40 ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን፣ ካሜራ ባለበት ቦታ ወንጀል 13 ከመቶ ያህል ቀንሶ አግኝቷል። ከሁሉም ይበልጥ የረዳው መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ነው። ድብደባና የመሳሰለውን ግን ሲቀንስ አልታየም። ካሜራውን ቁጭ ብሎ የሚከታተል ሰው ሲኖር ውጤቱ የተሻለ ነው። እኛ ዘንድ ማን ነው ቁጭ ብሎ የሚከታተለው? እናትየው ተኝተዋል፣ ልጁ ባሕር ማዶ ሥራ ላይ ነው።

በእኛ ሰፈር ደግሞ የራሳችን ነገር አለ። ካሜራው የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ስልክ ላይ ይጮኻል። የሐረር ሌሊት የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጅቡ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ ቆሻሻውን ለቃቅሞ እስኪወጣ ድረስ በየመንገዱ ይዞራል። አንድ አባላችን «በሳምንቱ የጅብ ማስታወቂያ ሰልችቶኝ ድምፁን አጠፋሁት» ብለውኛል። ሌባ ቢመጣም ያው ጅብ ነው ብለው ይተኛሉ ማለት ነው። ሌላም አለ። ካሜራው በጨለማ የሚያይበት ዐይን የማናየውን ብርሃን ይረጫል። ፊት ለፊቱ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ቅርብ ከሆነ ብርሃኑ ተመልሶ ምስሉን ያነጣዋል፣ የሰው ፊት አይለይም። በጣም ከፍ ተደርጎ ከተሰቀለም የሚታየው ኮፍያና ሻሽ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ከሌለው ይጠፋል። ጨለማ ደግሞ ሌባ የሚፈልገው ሰዓት ነው።

ምስሉ የት እንደሚሄድስ ጠይቀናል? አንዳንዱ ካሜራ በውስጡ ባለች ሚሞሪ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሌላው ግን በኢንተርኔት አድርጎ ሌላ አገር ባለ የኩባንያ ማከማቻ ይልካል። እዚህ ደጃፏ ላይ እህል የምታበጥር እናት ሳታውቀው ሌላ አገር ትታያለች ማለት ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ከፋብሪካ የመጣውን ፓስዎርድ አይቀይርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም እንዲህ ያሉ ፓስዎርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ሌሎች ዕቃዎችን በብዙ መቶ ሺህ ተቆጣጥሮ በዓለም ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን እስከ ማቋረጥ ደርሷል። ፓስዎርዱ 12345 የሆነ ካሜራ ሌባን መጠበቂያ ሳይሆን የሌባ መስኮት ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ማንኛውም ሰው የግል ሕይወቱ የመከበር መብት እንዳለው ይናገራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ማንነቱ የሚለይ ሰው ምስል ስለ እሱ የተያዘ መረጃ ነውና ሰው እንደፈለገ የሚበትነው ነገር አይደለም።

የውጭ አገር ሰዎች ይህንኑ ጠብ ፍርድ ቤት አድርሰውታል። በቼክ አገር አንድ አባወራ የቤቱ መስኮት በተደጋጋሚ ተሰበረበት። ከጣሪያው ሥር ካሜራ ሰቀለ። ካሜራው የእሱን መግቢያ፣ የሕዝብ መንገዱንና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያ ይቀርጽ ነበር። መስኮት ሰባሪዎች የተባሉ ሰዎች በምስሉ ተገኙ። ከተጠረጠሩት አንዱ ግን ስለ ካሜራው ራሱ ተከራከረ፤ ነገሩ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2014 የሰጠው ፍርድ፣ ካሜራ ወደ ሕዝብ መንገድ ከዞረ «የቤቴ የግል ጉዳይ ነው» ማለት እንደማይቻል ነው። ዳኞቹ የአባወራውንም ችግር አልናቁም፤ ቤቱንና ቤተሰቡን የመጠበቅ ጥቅሙ ሊታይለት እንደሚገባ ተናግረዋል። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ዳኛ የጎረቤትን ወሬ ከሩቅ የሚቀዳ የደጃፍ ካሜራ ከመጠን ያለፈ ነው ብለው ፈርደዋል። ድምፁ ከምስሉ የባሰ ሆኖ ነው ያገኙት። እዚያ አገር በቤትና በቤት መካከል ብዙ ሜትር አለ። እኛ ዘንድ እኮ ከግድግዳው ማዶ የሚያስሉት ሽማግሌ ይሰማሉ!

በኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሐሳብ እንዳለ ላሳውቃችሁ። አንደኛው ወገን ካሜራ በሰፈሩ ጨርሶ ይከልከል ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ብቻቸውን የሚያድሩትን እናት «አውልቁት» ስንላቸው በምትኩ ማን አብሯቸው ያድራል? ሁለተኛው ወገን ማኅበሩ ራሱ ገዝቶ በመንገዱ መግቢያ ይትከል ይላል። ይህም ቢሆን አያስደስተኝም። ስልኩን የሚይዘው ማን ነው? ሊቀመንበሩ? እኔ? ወሪያ፣ የሰውን ገቢና ወጪ የመቁጠር ሥራ በኔ ላይ እንዳትጭኑብኝ! ዛሬ የያዘው ሰው የታመነ ቢሆን ነገ የሚተካው ምን ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም።

ስለዚህ እኔ የማቀርበው ሐሳብ ከዚህ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ካሜራ ለመስቀል ያሰበ ሰው ሳይሰቅል በፊት የፊት ለፊት፣ የግራና የቀኝ ጎረቤቱን ይንገር። ከተገጠመም በኋላ ጠርቶ «ይኸው የሚታየው ይህ ነው» ብሎ በስልኩ ያሳያቸው።

2ኛ. ካሜራው ዝቅ ብሎ ወደ ራስ ደጃፍ ይዙር። የሰው በር ከገባበት ያንን ቦታ በጥቁር መሸፈን የሚቻልባቸው ካሜራዎች አሉ። ገጣሚውን «ይህን ሸፍንልኝ» ማለት ነው። ዕቃው ይህ ከሌለው ወደ ሌላ ጎን ማዞር ወይም ከበሩ ውስጥ፣ በግቢው በኩል መስቀል ይቻላል።

3ኛ. ድምፅ መቅጃው ይዘጋ። ጎረቤት የሚያወራው ለእኛ አይደለም።

4ኛ. ፓስዎርዱ በዕለቱ ይቀየር፤ ከቤቱ ሁለት ሰው ብቻ ይያዘው። ከነዚህም አንዱ አዋቂ የቤተሰብ ኃላፊ ይሁን። ምስሉ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቀመጥ።

5ኛ. ወንጀል ከተፈጸመ ምስሉ ለፖሊስ ይሰጥ። ከዚያ ውጭ በቴሌግራምም፣ በዋትስአፕም፣ በቲክቶክም አይውጣ። የሌላ ሰውን ምስል የበተነ አባል በሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይጠየቅ፣ የተጎዳውንም ቤት ይካስ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

6ኛ. ግድግዳው እንዳይበሳ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። የአገራችንም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። የድሮ ቤቶቻችን በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። በመሰርሰሪያ የተበሳ ቀዳዳ በክረምት ውሃ ያስገባል፣ ውሃ የገባበት ጭቃ ደግሞ ይለቃል። የተቀረጸውን የድሮ በር መብሳትማ ነውር ነው። በድሮ ቤት ላይ የሚሰቅል ሰው አስቀድሞ የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

ከዚህ ሌላ ገንዘብ የማይጠይቅ ወይም ጥቂት የሚጠይቅ ጥበቃ እንዳለን አንርሳ። በመንገዱ መታጠፊያ ላይ አንድ አምፖል ቢበራ የሰው ፊት ይለያል። ጠንካራ ቁልፍ ከካሜራ ይቀድማል፤ ካሜራ የሚነግረን የተሰረቀውን ነው፣ ቁልፍ ግን ያስቀራል። ብቻቸውን ለሚያድሩ እናቶች በየተራ ማታ አንድ ጊዜ «እንዴት አመሹ» ብሎ በር ማንኳኳት ለወጣቶቻችን ከባድ ሥራ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለዚህ ነው። ልጁ ከቶሮንቶ ሆኖ እናቱ ወድቃ ቢያይ እንኳ ደውሎ የሚጠራው ያንኑ የፊት ለፊት ጎረቤት ነው። ታዲያ በካሜራው ምክንያት ከተቀያየመው ጎረቤት ጋር በምን አፉ ያወራል? ስልኩንስ ማን ያነሣለታል?

ከተማችን የዩኔስኮን የሰላም ከተማ ሽልማት የ2002–2003 እ.ኤ.አ. ተሸላሚ ናት። ሽልማቱ የተሰጠን በሃይማኖትና በቋንቋ ተለያይተን ሳለ ተከባብረን ስለምንኖር ነው። ሐረሪው በአፎቻው፣ ሌላው በእድሩ ይቀባበራል፤ ለቅሶ ሲሆን አንዱ የሌላውን ቤት ሳይጠራ ይገባል። ይህ ሁሉ የቆመው ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ባለው እምነት ነው። ልጄ ከበሬ ላይ ስትቆም የፊት ለፊቱ ቤት እንደሚጠብቃት ነው የማውቀው እንጂ እንደሚቀርጻት አይደለም።

እንግዲህ ያለኝን ተናግሬአለሁ። የማትስማሙ ካላችሁ በስብሰባው ላይ ተነሥታችሁ ተናገሩ፤ ጽፋችሁም ብትሰጡኝ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። በተለይ እናቶችና ወጣት ሴቶች እንዳትቀሩ። በደጃፍ ቁጭ የምትሉት፣ በመንገዱም የምትመላለሱት ከማንም ይበልጥ እናንተ ናችሁና ያለ እናንተ ቃል የሚወሰን ውሳኔ አይጸናም። ካሜራ ያላችሁ አባላት ደግሞ እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ አንድ ነገር አድርጉልኝ፤ ጎረቤታችሁን ጠርታችሁ ምስሉን አሳዩት። ከዚያ በኋላ የምትነጋገሩት ነገር ከዚህ ጽሑፍ ይበልጥ ይጠቅመናል።

ሰላም ለሁላችን ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ